ጃንጥላ፣ መለከትና ባዶ የስም ቦታ፦ ስለ ቦናምፓክ ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ስለ ቦናምፓክ ሁለት ገጽ ፎቶና አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ላላነበባችሁት፦ ቦናምፓክ በደቡብ ሜክሲኮ ጫካ ውስጥ ያለች የጥንት ማያዎች ከተማ ናት። ስሟ የተነሣው በአንዲት ባለ ሦስት ክፍል ቤት ምክንያት ነው። የቤቱ ግድግዳ በሙሉ፣ ከታች እስከ ጣሪያው፣ በ790 ዓ.ም. አካባቢ በተሳሉ ሰዎች ተሞልቷል። ከ200 በላይ ናቸው። ደብዳቤው ጎረፈልን። ሁሉንም ማተም ስላልተቻለ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። እዚህ ዓምድ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳንደናገር።

ጥያቄ፦ በየቀኑ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ እይዛለሁ፤ ስለ ሜክሲኮ የማውቀው ግን ያንኑ አደባባይ ነው። ቦናምፓክ በትክክል የት ነው? ማንስ አገኘው? (የባንክ ሠራተኛ፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ አደባባዩን ካነሡ አይቀር አንድ ነገር ልበል። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥም «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። እኛ በስማቸው ታክሲ እንደምንይዘው እነሱም በስማችን ባቡር ይይዛሉ።

ቦናምፓክ ያለችው ቺያፓስ በሚባለው ክልል ነው፤ ከጓቲማላ ድንበር ብዙ አትርቅም። ጫካው ላካንዶን ይባላል። ትልቅ ከተማ አልነበረችም። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኡሱማሲንታ ወንዝ ዳር፣ ያሽቺላን የምትባል ከሷ የበረታች ጎረቤት ነበረቻት። በጋብቻም በጦርነትም የተሳሰሩ ነበሩ። የቦናምፓኩ ንጉሥ ያጃው ቻን ሙዋን ሚስቱን ያገባው ከዚያው ከያሽቺላን ነው።

«ማን አገኘው» ለሚለው፦ በአካባቢው የሚኖሩት ላካንዶን የሚባሉት ማያዎች መቼም ጠፍቶባቸው አያውቅም። ፍርስራሹ ውስጥ እየገቡ ዕጣን ያጨሱ ነበር። በ1946 መጀመሪያ ላይ ካርሎስ ፍሬይና ጆን ቦርን የተባሉ ሁለት ሰዎችን ወስደው አሳዩአቸው። ሁለቱ ሌሎቹን ሕንጻዎች አይተው ሥዕሉ ያለበትን ሳያዩ ተመለሱ! ከጥቂት ወራት በኋላ ዩናይትድ ፍሩት ለተባለው የሙዝ ኩባንያ ስለ ማያዎች ፊልም ሊሠራ የመጣ ጃይልስ ሂሊ የሚባል ፎቶ አንሺ ላካንዶኖቹ እየመሩት ሄደ፤ እሱ በሩን አልፎ ገባ። መጻሕፍቱ «አገኘ» የሚሉት እሱን ነው። እኔ ግን ያሳዩት ሰዎች አስቀድመው ቢጠሩ ደስ ይለኛል።

ቦናምፓክ የሚለው ስምም ጥንታዊ አይደለም። ሲልቫነስ ሞርሊ የተባለ ተመራማሪ በማያ ቋንቋ «የተቀቡ ግድግዳዎች» ለማለት ብሎ ያወጣው ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶው ላይ ሰዎቹ ጃንጥላ ይዘዋል፣ መለከት ይነፋሉ፣ ከበሮ ይመታሉ፣ ነጭ የለበሱም አሉ። ለልጆቼ ሳሳያቸው ገና ከማየታቸው «ጥምቀት ነው!» አሉኝ። ከእኛ ጋር ዝምድና ይኖራቸው ይሆን? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከጃንሜዳ)

መልስ፦ ልጆችዎ ጥሩ ዓይን አላቸው። እኔም መጀመሪያ ሳየው ያልኩት ይህንኑ ነው።

ያያችሁት የመጀመሪያው ክፍል ነው። ከላይ በኩል ነጭ ኩታ የመሰለ የለበሱ ባላባቶች ተሰልፈው ቆመዋል። አንድ ትንሽ ልጅ ሰው ታቅፎት ይታያል። ንጉሡና ቤተሰቡ ከፍ ካለ መደብ ላይ ናቸው፤ እዚያው አጠገብ ከረጢት ተቀምጧል። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ሲነበብ «አምስት ጊዜ ስምንት ሺህ የካካዎ ፍሬ» ይላል። 40,000 ፍሬ ማለት ነው። ካካዎ ለእነሱ መጠጥም ገንዘብም ነበር። ስለዚህ ድሮ ብዙዎች «አልጋ ወራሹ ለሕዝብ ሲታይ ነው» ይሉት የነበረው ሥዕል ግብር የሚገባበት ቀንም እንደሆነ አሁን ይታወቃል። ልክ እንደኛ ድሮ ግብር መግባትና ግብር መብላት አንድ ላይ እንደሚሄዱት።

ከታች ደግሞ ሦስት መኳንንት ለጭፈራ ይለብሳሉ። ጀርባቸው ላይ ኬትሳል ከሚባለው ወፍ አረንጓዴ ላባ የተሠራ ትልቅ ነገር ይታሠርላቸዋል፤ አሽከሮች ጎንበስ ቀና እያሉ ያስተካክሉላቸዋል። በጎን ሙዚቀኞቹ አሉ። ውስጡ ፍሬ ያለበት ቅል የሚያንሿሹ አሉ፤ የቆመ ረጅም ከበሮ የሚመታ አለ፤ የኤሊ ቅርፊት በአጋዘን ቀንድ የሚመቱ አሉ፤ ረጃጅም መለከት የሚነፉ አሉ። የአዞ ጭምብል ያጠለቀም አለ፤ እጁ ላይ እንደ ሸርጣን ያለ ትልቅ መቆንጠጫ የሰካም አለ። ጃንጥላዎቹ ከጎንና ከጎን ቆመዋል።

ዝምድና ግን የለንም። እቅጩን ልናገር፣ ምክንያቱም «ማያዎች ከእኛ የሄዱ ናቸው» የሚል ወሬ የሚወዱ ሰዎች አሉ። በዚያ ዘመን በመካከላችን ውቅያኖስ ነበር፤ የሚሻገርም የለም። ፀሐይ በሚያቃጥልበት አገር የተከበረን ነገር በጥላ መሸፈን ግን ለማንም ሰው ይመጣለታል። ታቦት ያለ ድባብ እንደማይወጣ ሁሉ እነሱም ጌታቸውን ያለ ጥላ አላወጡም። ለልጆችዎ «ጥምቀት አይደለም፣ ግን እነዚህም ሰዎች በዓላቸውን እንደኛ አድምቀው ያከብሩ ነበር» ቢሏቸው ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ሥዕል ተማሪ ነኝ። ሁሉም ፊቶች ከጎን የተሳሉ ናቸው፣ ንጉሡም ጭምር። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲህ የሚሳለው ክፉ ሰው ነው። ሠዓሊው ንጉሡን ጠልቶት ነው? (ከአምስት ኪሎ)

መልስ፦ ጥያቄህን ወደድኩት፣ ምክንያቱም ዓይናችን ከልጅነት የተማረውን ይዞ ነው የሚሄደው። እኛ ዘንድ ቅዱሱ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ሰይጣንና አሳዳጁ በአንድ ዓይን ይሳላል። ማያዎች ዘንድ ይህ ሕግ የለም። ለእነሱ ቆንጆ ሰው የሚታወቀው ከጎን ሲታይ ነው። ከግንባር እስከ አፍንጫ ጫፍ በአንድ ቀጥ ባለ መሥመር የሚወርድ ፊት የውበት ሁሉ ራስ ነበር፤ ለዚያም ብለው የሕፃናትን ግንባር በጨቅላነታቸው በሰሌዳ አስረው ወደ ኋላ ያሳድጉት ነበር። ስለዚህ ያንን መሥመር ሊያሳይ የፈለገ ሠዓሊ ከጎን ነው የሚስለው።

አንተ እጆቹን እይ። ፊቱ ዝም ያለ ነው፤ ወሬው ያለው እጅ ላይ ነው። አንዱ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ፣ አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ሲጠቁም፣ አንዱ ቀበቶ ሲያጠብቅ። አሠራሩም ቢገባህ ጥሩ ነው፦ በመጀመሪያ ነጭ የኖራ ልስን፣ ከዚያ በቀይ ቀጭን መሥመር ንድፍ፣ ከዚያ ቀለም መሙላት፣ በመጨረሻ በጥቁር ዙሪያውን መክበብ። እኛ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ላይ ስለን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፤ እነሱ በቀጥታ ልስኑ ላይ ነው የሠሩት።

ሰማያዊውን ደግሞ አትለፈው። የማያ ሰማያዊ ይባላል። ከዕፅ የሚወጣ ኢንዲጎ ፓሊጎርስካይት ከሚባል ነጭ ሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ በእሳት ይሞቃል፤ ቀለሙ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ተራ ኢንዲጎ ፀሐይ ሲነካው ይነጣል። ይህኛው ግን አሲድም አይበግረውም። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ አሁንም ሰማያዊ ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ሥዕል ለምን አወጣችሁት? ልጄ ሁለተኛውን ፎቶ አይታ ሌሊት ደንግጣ ተነሣች። ደም የሚንጠባጠብባቸው ሰዎች ናቸው። ሥልጣኔ የሚባለው ይህ ነው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ልጅሽ ይቅርታ። ፎቶው ምን እንደሆነ ከላይ መጻፍ ነበረብን፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።

ስለ ሥዕሉ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ሁለተኛው ክፍል ጦርነት ነው። ሦስቱ ግድግዳዎች ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ይዋጋል፤ ጦር፣ ጋሻ፣ ጩኸት። አራተኛው ግድግዳ ላይ ጦርነቱ አልቋል። ንጉሡ ጃጓር የሚባለውን ነብር መሰል አውሬ ቆዳ ለብሶ ከደረጃው አናት ቆሟል። ከሥሩ ልብሳቸው የተገፈፈ ምርኮኞች ተቀምጠዋል፤ ከጣታቸው ጫፍ ደም ይንጠባጠባል። አንዱ ጣቶቹን ትኩር ብሎ ያያል። መካከል ላይ አንድ ሰው ደረጃው ላይ ተዘርሮ ሞቷል።

ይህ ክፍል ከመታወቁ በፊት ታላላቅ ምሁራን ማያዎች ሰላማዊ ናቸው፣ ሥራቸው ከዋክብት መቁጠር ብቻ ነው ይሉ ነበር። ኤሪክ ቶምሰን ዋናው ነበር። ይህ ግድግዳ ያንን ሐሳብ በጣም አናጋው። ጭካኔው ነበር፤ እኔም አላሳምረውም። ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የንጉሡ ቤት ሴቶች ራሳቸው ምላሳቸውን ወግተው ደም ለአማልክት ሲያቀርቡ ይታያሉ። ደም መስጠት ለእነሱ የገዢ ዕዳ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ሠዓሊው የተከፈለው አሸናፊውን እንዲያሳምር ነው። ሆኖም ከቤቱ ሁሉ እጅግ ተጠንቅቆ የሳለው ያንን ተዘርሮ የሞተውን ሰው ነው። ወደ ጎን የወደቀው ራሱ፣ የተዘረጋው ክንዱ፣ የጎድን አጥንቱ። ጃጓር ከለበሰው ንጉሥ ይልቅ ዓይን የሚሄደው እሱ ጋ ነው። እኔ እዚህ ሥዕል ፊት ብዙ የምቆየው ለዚህ ነው። ልጅሽ ስታድግ አብራችሁ እዩት፤ አሁን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ አሳያት።

ጥያቄ፦ ጽሑፋቸው እንስሳና ፊት የተሳለበት ነው። ይህን እንዴት አድርጎ ሰው አነበበው? ግምት አይደለም? (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ግምት አይደለም፤ አማርኛ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ ይቀልለዋል። ከምልክቶቹ ብዙዎቹ እንደ ፊደላችን ናቸው፤ አንድ ምልክት ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ይይዛል። ካካዎ ለማለት «ካ-ካ-ዋ» ብለው ይጽፋሉ፤ «ካካው» ተብሎ ይነበባል። ጃጓር ለማለት «ባ-ላ-ማ» ይጽፋሉ፤ «ባላም» ይነበባል። ሳድስ ስለሌላቸው የመጨረሻውን አናባቢ ጽፈው አያነቡትም። በቃ! ከዚህ ሌላ አንዱ ብቻውን ሙሉ ቃል የሚሆን ምልክትም አላቸው።

ይህን የፈታው ዩሪ ክኖሮዞቭ የሚባል የሌኒንግራድ ምሁር ነው፤ በ1952 አሳተመው። ሰሚ ለማግኘት ግን ብዙ ዓመት ፈጀበት። ቁልፉን ያገኘበት መንገድ ያሳዝናል። በ1562 ዲዬጎ ዴ ላንዳ የሚባል ስፔናዊ መነኩሴ ማኒ በሚባል ቦታ የማያ መጻሕፍትን ሰብስቦ አቃጠለ። ያው ሰው በኋላ ስለ ማያዎች ሲጽፍ ጥቂት ምልክቶችን ከነድምፃቸው መዝግቦ ነበር፤ ክኖሮዞቭ የተጠቀመው በዚያ ዝርዝር ነው። ዛሬ ከማያ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። አራት! የእኛን የብራና ብዛት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር አንጀት ይበላል።

ግምት ያለመሆኑ ማረጋገጫ ከፈለግህ፦ በ1984 ጓቲማላ ውስጥ ሪዮ አሱል በሚባል ቦታ ከመቃብር አንድ ማሰሮ ወጣ። ዴቪድ ስቱዋርት የተባለ የማያ ጽሑፍ ተመራማሪ ጽሑፉን አንብቦ «የካካዎ ይላል» አለ። ውስጡ የቀረው አተላ ላቦራቶሪ ገብቶ ሲመረመር ካካዎ ሆኖ ተገኘ።

ጥያቄ፦ ማያዎች ዓለም በ2012 ያልቃል ብለው ነበር፣ ተሳሳቱ አይደል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አላሉም። በዲሴምበር 21 ቀን 2012 አንድ ረጅም የዘመን ዙር ሞላ፤ ልክ የመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ሞልቶ ዜሮ እንደሚመጣው። ፓሌንኬ በምትባለው ከተማቸው ያለ አንድ ጽሑፍ ስለ 4772 ዓ.ም. ያወራል፤ ዓለም በ2012 ያልቃል የሚል ሰው ይህን አይጽፍም። ይልቅ ለእኛ የሚጥመን ሌላ ነው። የዓመታቸው አቆጣጠር 20 ቀን ያላቸው 18 ወሮችና ትርፍ 5 ቀን ነበረው። ጳጉሜ ማለት ነው! ዋየብ ይሉታል። እኛ በጳጉሜ ጠበል እንጠመቃለን፤ እነሱ ግን እነዚያን አምስት ቀናት ፈርተው ነበር የሚያሳልፏቸው።

ጥያቄ፦ በደብራችን ያለ የቆየ ሥዕል በጧፍ ጭስ ጠቁሯል። አንድ ወዳጃችን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ቢጠረግ ቦግ ይላል ይለናል። እናንተም የማያዎቹ ሥዕል እንደተጠረገ ጽፋችኋል። ምን ይመክሩናል? (የሰንበቴ ማኅበር አባል፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ ጨርቁን ያስቀምጡ። ነጭ ጋዙንም ከዚያ ያርቁ። ይህን ደብዳቤ ሳነብ ልቤ ደነገጠ፣ ምክንያቱም ቦናምፓክ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ሥዕሉ የቆየው በተአምር በሚመስል ምክንያት ነው። የቤቱ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናብ በጣሪያው እየሰረገ ሲገባ ኖራውን እያሟሟ ግድግዳው ላይ አወረደው። ውኃው ሲደርቅ ሥዕሉ ላይ ስስ ድንጋይ የመሰለ ሽፋን ቀረ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሥዕሉን ከሙቀትና ከእርጥበት የጠበቀው ያ ሽፋን ነው። ችግሩ ሽፋኑ ደብዛዛ ነው፤ ከሥሩ ያለው በደንብ አይታይም። ስለዚህ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥዕሉን ሊገለብጡና ፎቶ ሊያነሡ የሄዱ ሰዎች ግድግዳውን በነጭ ጋዝ አረጠቡት። ቦግ አለ! ወዳጅዎ እንዳለው። ሽፋኑ ለጥቂት ጊዜ እንደ መስተዋት ጠራ። ጋዙ ሲተን ግን ሥዕሉ ተመልሶ ደበዘዘ፤ እያደርም ግድግዳው ከበፊቱ ይልቅ እየደበዘዘ ሄደ። ሊረዱት ነበር የፈለጉት። ክፋት አልነበረባቸውም።

ባለፈው «ተጠረገ» ብዬ የጻፍኩት በ1980ዎቹ የሆነው ነው። የሜክሲኮ ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂና የታሪክ ተቋም ባለሙያዎች ለዓመታት እዚያ ተቀምጠው ሽፋኑን በጥቃቅን መሣሪያ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ከሥዕሉ አላቀቁት። ከዚያም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሜሪ ሚለር የሚመራ የየል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ምንም ሳይነካ በኢንፍራሬድ ፎቶ አንሥቶ በዓይን የማይታዩ መሥመሮችን አወጣ።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ፣ ለበዓል ብለው በእርጥብ ጨርቅ የጠረጉት የመልአክ ፊት ከጨርቁ ጋር አብሮ ሲሄድ አይቻለሁ። የቀረው ሁለት ዓይን ብቻ ነበር። የእኛ ቀለም ብዙ ጊዜ በውኃ የሚለቅ ሙጫ ነው የያዘው፤ ለውኃም ለጋዝም አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጧፉ ከሥዕሉ ራቅ ብሎ ይብራ። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይደፈን። ሥዕሉን በተፈጥሮ ብርሃን ጥርት አድርጋችሁ ፎቶ አንሡና አስቀምጡ። ከዚያ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በደብዳቤ አሳውቁ፤ ባለሙያ እስኪመጣ ጥቁር ሆኖ ይቆይ። ከጥቁሩ ሥር ሥዕሉ አለ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሰዎች ግን የት ጠፉ? (ብዙዎቻችሁ)

መልስ፦ አልጠፉም። ከተሞቹን ለቀቁ እንጂ። በዘጠነኛው መቶ ዓመት ጦርነትና ድርቅ ተደራርቦ በዚያ አካባቢ ያሉ ነገሥታት አንድ በአንድ ወደቁ። ቦናምፓክም ሥዕሉ ከተሳለ ብዙም ሳይቆይ ባዶ ሆነች። ሕዝቡ ግን ዛሬም አለ። ሜክሲኮ፣ ጓቲማላ፣ ቤሊዝ ውስጥ 30 ያህል የማያ ቋንቋዎችን የሚናገሩ ሚሊዮኖች አሉ። በ1992 የኖቤል የሰላም ሽልማት የወሰደችው ሪጎቤርታ መንቹ ማያ ናት። ቦናምፓክ የሄደን እንግዳ ጫካውን እያሳዩ የሚወስዱትም እነዚያው ላካንዶኖች ናቸው። «ምሥጢራዊው የጠፋ ሕዝብ» የሚለውን ርዕስ በዚህ መጽሔት ላይ አታገኙትም።

ጥያቄ፦ እድሜዬ 12 ነው። አንዳንዶቹ ሰዎች አጠገብ ባዶ ሳጥን አለ። እሱ ምንድን ነው? (ከቸርችል ጎዳና አካባቢ)

መልስ፦ ጎበዝ! አዋቂዎቹ ሁሉ ያለፉትን አንተ አየኸው። ያ ሳጥን የስም ቦታ ነው። ሠዓሊው ሰውየውን ከሳለ በኋላ ራሱ አጠገብ ስሙንና ማዕረጉን የሚጽፍበት ቦታ ይተውለታል። የአንዳንዶቹ ተጽፏል፤ ማን እንደሆኑ እናውቃለን። የብዙዎቹ ግን ቦታው ተዘጋጅቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ባዶውን ቀረ። ቤቱ ሥራው ሳያልቅ ነው የተተወው። ስለዚህ እነዚያን ሰዎች በፊታቸው፣ በልብሳቸው፣ በያዙት ነገር እናውቃቸዋለን፤ ስማቸውን ግን የሚነግረን የለም።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥህ። ቤት ስትገባ የሰፈርህን ሰዎች ተሰልፈው ሳላቸው፤ ከጎን ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ እጃቸው ግን የሆነ ነገር ይሥራ። ባለ ሱቁን፣ ሊስትሮውን፣ አያትህን። እያንዳንዳቸው ራስ አጠገብ ሳጥን አድርግና ስማቸውን በፊደል ጻፍበት። ለኛ ላከው፤ በሚቀጥለው እትም እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።